ባለ ጡሩምባ ድምፅ ማጉያዎችን በቤት ውስጥ ስለ ማደስ፤ በጎባ ከተማ የተደረገ ሙከራ

ይህ ጽሑፍ ባለፈው የክረምት ዕረፍት በጎባ ከተማ፥ ከሁለታችን የአንዳችን አያት በሚኖሩበት ቤት፥ በአንድ ጥንድ አሮጌ ድምፅ ማጉያዎች ላይ ያደረግነውን ሥራና በሥራው መካከል የተረዳነውን ነገር ይገልጻል። ነገሩ ከቤት ጉዳይ የተነሣ ስለ ሆነ ለእንዲህ ያለ መጽሔት የማይገባ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከተነሣ በኋላ ያለ ፊዚክስና ያለ ጥቂት የቋንቋ ዕውቀት መልስ የሚገኝለት ሆኖ አላገኘነውም።

አያታችን (ሁለታችንም እንዲሁ ስለምንጠራቸው ነው) በየማታው የራዲዮ ዜና ሳይሰሙ አይተኙም ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን «ምን አለ?» እያሉ መጠየቅ አበዙ፤ ቆየት ብለውም መጠየቁን ተዉት። ቤተ ሰቡም «አባባ ጆሮአቸው ደከመ» ብሎ ደመደመ። እኛ በሐምሌ ወር ጎባ ስንደርስ ቆራሌው ለማግኔቱና ለመዳቡ ሲል ሁለቱንም ድምፅ ማጉያዎች ሊወስድ ዋጋ ተነጋግሮ ሄዶ ነበር። አያታችንም «ለማይሰማ ሰው ምን ያደርግለታል?» ብለው እሺ ብለዋል። ስለዚህ እኛ የያዝነው ጥያቄ አንድ ነበር፤ የደከመው ጆሮው ነው ወይስ ጡሩምባው?

ስለ ስሙ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ከተሞች ትልቅ ድምፅ የሚያወጣ ማናቸውም ሣጥን «ሞንታርቦ» ይባላል፤ ይህ የአንድ የኢጣልያ ፋብሪካ ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ድምፁን ወደ አየር የሚያወጣውን ዕቃ ድምፅ ማጉያ፥ የኤሌክትሪኩን ጉልበት የሚያበረታውን መሣሪያ አምፕሊፋየር ብለን እንለያቸዋለን። ሁለቱ ስለሚደባለቁ ብዙ ሰው አንዱ ሲታመም ሌላውን ያሳክማል።

ጡሩምባ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የዕድር ጥሩምባ ነፊን ማሰብ ይበቃል። ሰውዬው ከንፈሩን ብቻ ቢያንቀጠቅጥ አጠገቡ የቆመው እንኳ በደኅና አይሰማውም፤ ያንኑ ከንፈር በጡሩምባው ጫፍ ላይ ቢያደርግ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል። ጡሩምባው ምንም ጉልበት አልጨመረም፤ ጉልበቱ የሰውዬው ነው። ልዩነቱ ከአየር ጠባይ የሚመጣ ነው። አየር እጅግ ቀላል ነገር ስለ ሆነ በገፉት ጊዜ ይሸሻል። ባዶ ከረጢት በሙሉ ኃይሉ ለመወርወር የሚሞክር ሰው ክንዱ ብቻ ተወርውሮ ከረጢቱ እፊቱ እንደሚወድቅ፥ የሚርገበገብ ነገርም ሁሉ ጉልበቱን ለአየር ሳያስረክብ ከንቱ ይወዛወዛል። ጡሩምባው በጠባቡ ጉሮሮው ውስጥ ያለውን ጥቂት አየር አጥሮ ይይዝና የሚሸሽበትን ያሳጣዋል። ስለዚህ ግፊቱ ይበረታል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ እየሰፋ በሚሄደው ቧንቧ ውስጥ ብርቱው ግፊት በጠባብ ቦታ ከሆነው ወደ ቀላል ግፊት በሰፊ ቦታ እየተለወጠ ይወጣል። መስፋቱ በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ መሆን አለበት፤ በድንገት ቢሰፋ ድምፁ ከአፉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይነጥራል።

ትርፉም ቀላል አይደለም። ጡሩምባ የሌለው ተራ ድምፅ ማጉያ ከሚሰጠው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው አንድ በመቶ ያህሉን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ደኅና ባለ ጡሩምባ ግን ከአሥር በመቶ በላይ ይለውጣል። ኤሌክትሪክ ጨርሶ ባልነበረበት ዘመን ደግሞ ጡሩምባው ብቻውን ሥራውን ሁሉ ይሠራ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1899 ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ መልእክታቸውን በሸክላ ማሽን ሲልኩ፥ መርፌው በሰሙ ላይ የቀረጸው በጡሩምባ ተሰብስቦ የመጣውን ድምፃቸውን ነበር። የማይክሮፎን ቀረጻ እ.ኤ.አ. በ1925 እስኪጀመር ድረስ የሸክላ ዘፋኞች ሁሉ ለጡሩምባ አፍ ነበር የሚዘፍኑት። በዚያው ዓመት ራይስና ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን የዛሬውን ተራ የወረቀት ድምፅ ማጉያ ለዓለም አስታወቁ፤ በማግሥቱ ዓመት ዌንትና ቱራስ የተባሉ ሌሎች ሁለት ሰዎች ለሲኒማ ቤት ጡሩምባ የሚሆነውን ነጂ ሠሩ። የዚያ ጊዜ አምፕሊፋየር ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚሰጥ ትልቁን የሲኒማ አዳራሽ ሊሞላ የሚችለው ጡሩምባ ብቻ ነበር።

ጉዳቱ ግን መጠኑ ነው። ጡሩምባው የሚያወጣው እጅግ ወፍራሙ ድምፅ በአፉ ስፋት ይወሰናል፤ የአፉ ዙሪያ ከድምፁ የሞገድ ርዝመት ጋር መተካከል አለበት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ የ300 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ 1 ሜትር ከ13 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለዚህ 36 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው አፍ ይበቃል። ለ50 ኸርዝ ግን ሞገዱ 6 ሜትር ከ80 ሲሆን አፉ ከ2 ሜትር በላይ ይሆናል፤ በጎባ ያሉት ቤቶች በራቸው ይህን አያሳልፍም። ፖል ክሊፕሽ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያገኘው ብልሃት ጡሩምባውን በሣጥን ውስጥ አጣጥፎ በክፍሉ ማዕዘን ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎችና ወለሉ የጡሩምባው ቅጥያ ይሆናሉ፤ ከአፉም ስፋት አንድ ስምንተኛው ብቻ ይበቃል። በዚህም ምክንያት ባለ ጡሩምባ ሣጥን ያለው ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ዕቃውን ወደ ማዕዘን መግፋት ይሞክር። የእኛ ጥንድ የተሠራው ለማዕዘን ባይሆንም ከመስኮቱ ሥር አንሥተን በማዕዘን ባደረግነው ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ በግልጽ ጨመረ። የጭቃ ግድግዳው ወፍራምና ከባድ መሆኑም ረድቶናል። የኮርኒሱ ችፑድ ግን ከድምፁ ጋር ይርገበገባል፤ ለዚህ ገና መፍትሔ አላገኘንም።

ወደ ዕቃዎቹ እንመለስ። አያታችን የገዟቸው ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፥ ከተማውን ለቆ ከሚሄድ ሰው ነው። የፋብሪካው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ወልቋል። እያንዳንዱ የኮምፔርሳቶ ሣጥን በታች 15 ኢንች የወረቀት ድምፅ ማጉያ በአጭር የእንጨት ጡሩምባ ውስጥ፥ በላይ ደግሞ የብረት ጡሩምባ ከነነጂው ይዟል። የታችኛው ወፍራሙን ድምፅ፥ የላይኛው ቀጭኑን ያወጣል።

የመጀመሪያው ግምታችን የተማርነውን ለማሳየት የቸኮልንበት ነበር ማለት ይቻላል። ጎባ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ሮቤም ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊትና ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት ሩብ ገደማ ነው። እንግዲህ ጡሩምባው አየርን አጥሮ በመያዝ የሚሠራ ከሆነ፥ አየሩ በሳሳበት አገር መድከሙ አይቀርም ብለን ለአያታችን ነገርናቸው። እሳቸውም «ስገዛው ጎባ ቆላ ነበረች እንዴ?» ብለው መለሱልን። ሒሳቡን ስንሠራው እውነቱ ከእሳቸው ጋር ሆነ። የአየሩ መሳሳት ከድምፁ የሚቀንሰው ከአንድ ዴሲቤል ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ይህን ያህል ለውጥ ጆሮ በጭንቅ ይለየዋል። የድምፅ ፍጥነት ደግሞ የሚለወጠው በግፊት ሳይሆን በሙቀት ነው። በ5 ዲግሪ የባሌ ሌሊት 334 ሜትር፥ በ20 ዲግሪ ቀን 343 ሜትር ስለሚሆን የጡሩምባው ልክ ለዚህ ብሎ አይዛባም። ከፍታው ያመጣው አንድ ግልጽ ለውጥ ቢኖር በተዘጋው ሣጥን ውስጥ ያለው አየር መላላቱ ነው፤ ሣጥኑ በሲሶ ያህል የሰፋ ይመስል ይሠራል። ይህ ደግሞ ለወፍራሙ ድምፅ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

ስለዚህ በግምት መሮጡን ትተን ጆሮውንና ጡሩምባውን ለየብቻ ለመፈተን ወሰንን። ለዚህም አማርኛ ራሱ መልካም መሣሪያ ሰጠን። «ሰማ»፥ «ሸማ»፥ «ቀማ»፥ «ጠማ» የሚሉት አራት ቃላት የሚለያዩት በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ ነው። የ«ሰ» ፉጨት አብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው፤ የ«ሸ» ዝቅ ብሎ ከ2,000 እስከ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል። «ቀ» እና «ጠ» በጉሮሮ ታግተው ድንገት የሚፈነዱ ስለ ሆኑ የሚታወቁት በአጭሯ ፍንዳታቸው ነው። እንዲህ ያሉት ድምፆች በኦሮምኛም ስላሉ የባሌን ሰው ጆሮ በሁለቱም ቋንቋ ይመለከታሉ። ቀጭኑ ድምፅ ከጠፋ «ማ» ብቻ ይቀራል፤ ሰሚውም የቀረውን በግምት ይሞላል። ተራው የስልክ መስመር ከ3,400 ኸርዝ በላይ ያለውን ይቈርጥ ስለ ነበር በስልክ ስም ሲነግሩ «ሰ» እና «ፈ» የሚደናገሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

የጎረቤት ልጅ አራቱን ቃላት እያደባለቀች እንድትናገር አድርገን በስልካችን ቀረጽን። አያታችን በመጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ፥ ቀጥሎ በግራው ድምፅ ማጉያ ብቻ፥ በመጨረሻም በቀኙ ብቻ ሰሙ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ምንም መስማት ስለማይቻል ለዚህ ብቻ ሦስት ቀን ፈጅቶብናል። በጆሮ ማዳመጫው አብዛኛውን በትክክል ደገሙት፤ አልፎ አልፎ ብቻ «ሰማ»ን «ሸማ» አሉት። በግራው ድምፅ ማጉያ ስሕተቱ ጨመረ። በቀኙ ግን «ሰማ» ሲባል «አማ» እያሉ «ማን ነው ማንን የሚያማው?» ብለው ሳቁ። ከሁለታችን አንዱ ጆሮውን አስጠግቶ ሲሰማ ለእሱም «አማ» ሆነበት። በዕድሜ ብዛት ጆሮ ቀጭኑን ድምፅ አስቀድሞ እንደሚያጣ የታወቀ ነው፤ በእሳቸውም ላይ ይህ ደርሷል። ነገር ግን ትልቁ ጥፋት የጆሮአቸው አልነበረም።

ሣጥኑን ከፈትን። እዚህ ላይ ሌሎች እንዳይሳሳቱ በዝርዝር እንናገራለን። የብረት ጡሩምባ አያረጅም፤ ማግኔቱም በኖረበት ቢተዉት ለብዙ አሥር ዓመታት አይደክምም። የሚያረጀው ካፓሲተሩ ነው። ካፓሲተር በዚህ ሥራ ወፍራሙን ድምፅ አግዶ ቀጭኑን ብቻ ወደ ላይኛው ጡሩምባ የሚያሳልፍ በረኛ ነው። በረኛው በሩን የሚከፍትበትን ቦታ የሚወስነው መጠኑ ነው፤ ለ8 ኦም ነጂ 20 ማይክሮፋራድ ቢሰጠው ከ1,000 ኸርዝ ጀምሮ ያሳልፋል። በእኛ ሣጥኖች ውስጥ የተጻፈው ይኸው 20 ነበር። አንድ እግሩን ከሽቦው ለይተን በቴስተር ስንለካው ግን የግራው 13፥ የቀኙ 4 ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ4 ማይክሮፋራድ በሩ የሚከፈተው 5,000 ኸርዝ ላይ ነው። ውስጡ ያለው እርጥበት በዓመታት ብዛት ስለሚደርቅ መጠኑ መቀነሱ ብቻ ሳይሆን ለሚያሳልፈውም መሰናክል ይሆናል፤ ስለዚህ ከ5,000 በላይ ያለውም ደክሞ ነበር የሚወጣው። «ሸማ»ም «ሰማ»ም የጠፉት በዚህ በኩል ነው።

ነጂዎቹን ራሳቸውን አልከፈትናቸውም። ማግኔቱ የብረት ብናኝ ከየትም ይስባል፤ አንዲት ቅንጣት ከገባች ድምፁን ታቈሽሻለች። በቴስተር ስንለካቸው ሁለቱም ወደ 6 ኦም ስላሳዩ ሽቦአቸው አለመበጠሱን አወቅን፤ 8 ኦም የተባለ ዕቃ በቴስተር ከዚያ ዝቅ ብሎ ማሳየቱ የተለመደ ነው።

አዲስ ካፓሲተር ፍለጋ ወደ ሮቤ ሄድን። ለድምፅ ሥራ ተብሎ የተሠራ አላገኘንም። ነገር ግን ለውሃ ፓምፕ ሞተር የሚሆን ባለ 20 ማይክሮፋራድ፥ 450 ቮልት ካፓሲተር በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር አለ። ይህ ከፕላስቲክ ስስ ሽፋን የሚሠራ ስለ ሆነ የሚደርቅ ነገር የለውም፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭም አይለይም። ለዓላማችን ከአሮጌው እጅግ የተሻለ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ሁልጊዜ የሚሠራበትን እንጂ ማስነሻውን አለመግዛት ያስፈልጋል፤ የማስነሻው ዓይነት ብዙውን ጊዜ መጠኑ ትልቅ ሲሆን እንደ አሮጌው የሚደርቅ ነው። ባለ 20 ባይገኝ ሁለት ባለ 10 ጎን ለጎን ቢታሰሩ 20 ይሆናሉ፤ ሁለት ባለ 40 በተከታታይ ቢታሰሩም እንዲሁ። አሮጌ ዕቃ የሚፈታ ሰው በዘይት የተሞላ የቆርቆሮ ካፓሲተር ቢያጋጥመው አይክፈተው፤ በቀድሞ ዘመን ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ይደረግ የነበረው ዘይት መርዝነት አለው። በመብራቱም አምፕሊፋየር ውስጥ፥ ማለት ቱቦ ባለው፥ ከ300 ቮልት በላይ ተጠራቅሞ ሊቆይ ስለሚችል እጃችንን አላስገባንም።

ሌሎች ሁለት ጥፋቶችም ተገኙ። አንደኛው፥ አይጥ የቀኙን ወረቀት በልታው ነበር (በሳነቴ ሜዳ የታወቀው ትልቁ ፍልፈል ሳይሆን ተራዋ የቤት አይጥ)። በስስ ወረቀትና በውሃ በቀጠነ ኮላ ከፊትና ከኋላ ለጠፍንበት። ሁለተኛው፥ ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው የአንደኛውን ሣጥን ሽቦ ገልብጦ አስሮታል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ በአየር ላይ ይጣፋ ነበር። ይህን ለማወቅ አንድ የባትሪ ድንጋይ ይበቃል፤ ለቅጽበት በሽቦው ላይ ሲነካ የሁለቱም ወረቀት ወደ አንድ አቅጣጫ መነሣት አለበት። ይህ ሙከራ ግን ለታችኛው ወረቀት ብቻ ነው፤ በላይኛው ነጂ ላይ መሞከር ያበላሸዋል።

ካፓሲተሩ በተለወጠ ጊዜ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ድምፁ እንደ መርፌ ወጋ። አያታችንም «አሁንስ ሰማሁ፤ ግን ዝም ቢል ይሻለኛል» አሉ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ የላይኛው ጡሩምባ ከታችኛው ይልቅ ብርቱ ስለ ሆነ ልጓም ያስፈልገዋል፤ በፋብሪካው የተደረገው ልጓም ከዚህ በፊት ተነቅሏል፤ ምናልባት ካፓሲተሩ መድከም ሲጀምር ድምፁን ለመመለስ ያደረጉት ይሆናል። በ2.2 ኦም በመንገዱ ላይ፥ በ20 ኦም ደግሞ በነጂው ጎን የሚታሰሩ ሁለት ሬዚስተሮች ድምፁን በ3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሱታል። እኛ ለራሳችን ጆሮ ቢሆን 6 እንቀንስ ነበር፤ ለእሳቸው ግን 3 በቂ ሆኖ ተገኘ፤ የጆሮአቸውን ጉድለት በከፊል ይሞላልና። ሁለተኛ፥ የብረት ጡሩምባው ራሱ እንደ ደወል ይጮኻል። ጀርባውን በመስኮት ማስቲሽ ብንለብጠው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ከዚያ የቀለጠ ሬንጅ ቀባነው፤ ጩኸቱ ጠፋ፥ ሽታው ግን ለሦስት ሳምንት ከቤት ስላልወጣ ይህን የሚያደርግ ሰው በደጅ እንዲያደርገው እንመክራለን። በዚህ ነገር የቤቱ እመቤት እስከ ዛሬ አልታረቁንም።

በጡሩምባ ብርታት ምክንያት የተገኘ አንድ ጥቅም ቤተ ሰቡን ከሁሉ ይልቅ አስደስቷል። በጎባ መብራት በጠፋ ቁጥር ዜናው ይቀር ነበር። በአንድ ዋት ከአንድ ሜትር ላይ 102 ዴሲቤል የሚሰጥ ድምፅ ማጉያ፥ 90 የሚሰጠው ተራ ዕቃ በ16 ዋት የሚያደርገውን በአንድ ዋት ያደርጋል። ስለዚህ በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ የሚሠራ፥ 6 ዋት ያህል የሚሰጥ ትንሽ አምፕሊፋየር ለሳሎኑ ከበቂ በላይ ነው። በገበያ ቀን በመኪና ላይ ጡሩምባ ሰቅለው የሚያስተዋውቁት ሰዎች በባትሪ ብቻ መንደሩን የሚሞሉት በዚሁ ሥርዓት ነው።

በነሐሴ መጨረሻ ፈተናውን በዚያው ቀረጻ ደገምነው። «ሸማ»፥ «ቀማ» እና «ጠማ» በሁለቱም ሣጥኖች እንደ ጆሮ ማዳመጫው ተለዩ። «ሰማ» ግን አሁንም አንዳንድ ጊዜ «ሸማ» ይሆንባቸዋል፤ ይህ ከጡሩምባው ያለፈ ስለ ሆነ ሐኪም እንዲያያቸው ለልጆቻቸው ነግረናል። የዚያን ዕለት ማታ አያታችን ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰምተው ከአንዱ ሚኒስትር ንግግር ጋር ብቻቸውን ሲከራከሩ አመሹ።

ቆራሌው በመስከረም መጀመሪያ ተመልሶ ቢመጣም ባዶ እጁን ተሸኝቷል። ከሣጥኖቹ የወጡትን ሁለት አሮጌ ካፓሲተሮች፥ የለካነውን ቁጥርና የሽቦውን አስተሳሰር በወረቀት ጽፈን በአንድነት በቀኙ ሣጥን ጀርባ ውስጥ በሲባጎ አስረን ትተናቸዋል።